በሕግ አምላክ፦ ከአምደወርቅ እስከ ሰበር

በሀገራችን ደጋማ ክፍል፣ ከንግግር ሁሉ ጉልበት ያለው ቃል ይመረጥ ቢባል «በሕግ አምላክ» ከሚለው የሚበልጥ አይገኝም። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ዱላውን ሊያሳርፍ ሲል መንገደኛ ከሩቅ ሆኖ ይህን ቃል ካሰማ፣ የተነሣው ክንድ ይታጠፋል። ዳኛ ባልደረሰበት ዳኛ፣ ዘብ ባልቆመበት ዘብ ሆኖ የኖረ ቃል ነው። ስለ ጥንቱ የሙግት ሥርዓት የጻፉ ያደንቁታል፤ ቢያደንቁትም አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ከአድናቆቱ ጎን ሊነሣ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ የተጠለፈች ልጅ «በሕግ አምላክ!» ብላ ብትጮኽ የሚቆመው ማን ነበር? ጠላፊው አይቆምም። ግብረ አበሮቹም አይቆሙም። ሽማግሌዎቹ የሚደርሱት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ የሚደርሱትም ለማስታረቅ ነው። እርቁ የሚወርደው በጠላፊውና በአባቷ መካከል ነው። ልጅቱ በነገሩ ውስጥ የምትገባው ካሣ እንደሚቆረጥበት ንብረት እንጂ እንደ ከሳሽ አልነበረም።

ይህ የልማድ ጥፋት ብቻ ነው የሚል ቢኖር የተጻፈውን ሕግ ገልጦ ይመልከት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠለፋን ወንጀል ካደረገ በኋላ፣ ተጠላፊዋ በፈቃዷ ጠላፊውን ካገባች ክስ አይቀርብም ይላል። «በፈቃዷ» የምትለውን ቃል አንባቢ ልብ ይሏል። በሰው ቤት ታግታ፣ ክብሯ ተነክቶ፣ ወደ አባቷ ቤት ብትመለስ የሚያገባት እንደማይገኝ እየተነገራት ያለች ልጅ የምትሰጠው ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑን ደነገገ፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል አለ። የመኖሪያውን ስፍራ የሚመርጠው እርሱ፣ የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረው እርሱ ሆነ። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ተባለ። ሕጉ በጊዜው ከዓለም ዘመናዊ ሕግጋት አንዱ ተብሎ ሲወደስ ነበር።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ከአዲስ አበባ ራቅ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል፤ ስለዚህም ወደ አምደወርቅ እንሂድ። አምደወርቅ በዋግ ኽምራ የደሃና ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ የወርቅ ምሰሶ ማለት ነው። በዙሪያዋ ያለው መሬት ግን ወርቅ የሚያሳፍስ አይደለም፤ ተራራው የተራቆተ፣ አፈሩ የሳሳ፣ ዝናሙ የሚያታልል ነው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዋግን እንዴት እንዳደረገው ሽማግሌና ባልቴት አልረሱትም። ቅርብ ጊዜም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ክፉኛ ተጎድቷል። እንዲህ ባለ አገር ሁለት ጥማድ የምትሆን ማሳ የአንድ ቤት ሞትና ሕይወት ናት። ስለ ሴቶች እኩልነት በአዳራሽ የሚነገረው ሁሉ እዚያ ሲደርስ አንዲት ጥያቄ ይሆናል፦ ይህች ማሳ የማን ናት?

ጥያቄውን የሚመልሰው ፍርድ ቤት ደረጃ በደረጃ ይርቃል። አምደወርቅ የወረዳው ፍርድ ቤት አለ፤ በፍርዱ ቅር የተሰኘ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወደ ሰቆጣ ይወጣል፤ ከሰቆጣ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ወደ ባሕር ዳር፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የሚል ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ይዘልቃል። አበው «የተበደለ ከነጋሽ፣ የተጠማ ከፈሳሽ» ብለዋል። ከነጋሽ ለመድረስ ግን ስንቅ፣ የመሳፈሪያ ገንዘብና ከብት ጠባቂ ያስፈልጋል። ወንዱ ልጁን ለሚስቱ ትቶ ይሄዳል። እርሷስ ለማን ትታ ትሄዳለች?

እዚህ ላይ ለቀድሞው ዘመን አንድ ፍትሕ ሊደረግለት ይገባል። የደጋው ሴት ከጥንት ጀምሮ መብት አልባ ነበረች ማለት ታሪክን ማጣመም ነው። ርስት በአባትም በእናትም ይወርድ ነበርና ሴት ልጅ ትወርሳለች፤ በሰማንያ የተጋባች ሚስት ስትፈታ የጋራውን ሀብት ትካፈላለች። ንብረቷን ለይታ የምታውቅ፣ ድርሻዋን ቆጥራ የምትረከብ ሴት ብርቅ አልነበረችም። የጎደላት አንደበት ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት እውቀቷን አልካደም፤ የከለከላት መጨረሻውን ቃል ነው። ርስቷን የሚከራከርላት ባሏ ወይም ወንድሟ ነበር። ብዙ ጊዜም ተከራክሮ የረታው ሰው ርስቱን ለራሱ ያደርገው ነበር።

የጥንቱን ሙግት የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። በላ ልበልሃ ተውኔት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በችሎቱ መካከል እየተንጎራደደ፣ ነገሩን በቅኔና በምሳሌ እያዋዛ ባላጋራውን ያጣድፋል፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ ይፈርዳል። ድምፅ፣ ቁመና፣ አረማመድ ሁሉ የማስረጃ ያህል ይቆጠር ነበር። እንዲህ ያለው መድረክ ከመሠረቱ የተሠራው ለወንድ ቁመና ነው። ተንጎራዳ የምትከራከር ሴት ብትገኝ ነገሯ ሳይሰማ ዓይናውጣነቷ ይወራል። ይህን ሙግት ወደ ቴአትር ቤት ያመጡት ጸሐፊዎችም ቢሆኑ (እዚህ ላይ የሙያ ጓዶች አይቀየሙ) ሴትን የነገር መነሻ አደረጓት እንጂ ነገር ተናጋሪ አላደረጓትም። ስለ እርሷ ሁለት ወንዶች ይሟገታሉ፤ እርሷ ከመጋረጃው ጥግ ቆማ ታለቅሳለች።

አንደበቱ የተገኘው በትምህርት ነው። የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከአዳራሹ የሚወጡት ሴቶች ለረጅም ጊዜ ጥቂት ነበሩ። ጥቂት መሆናቸው ግን ከሥራቸው ጋር አይመዛዘንም። አሶሳ የተወለዱት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ ከዚያም ለሕገ መንግሥት ኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ሆነው ሠሩ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ሲያውጅ፣ ከፍትሐ ብሔሩ አንቀጽ 635 ጋር አብሮ ሊኖር እንደማይችል ለሕግ አዋቂ ግልጽ ነበር። ይሁንና ግልጽ የሆነ ነገር ሁሉ ወዲያው አይፈጸምም። ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረገውን ማናቸውንም ዓይነት አድልዎ ለማስወገድ የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ያጸደቀችው ቀደም ብላ በ1973 ዓ.ም. ነበር። ስምምነቱ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ፣ «ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው» የሚለው አንቀጽ በፍርድ ቤት ሲሠራ ሌላ 19 ዓመት አለፈ።

ያን ክፍተት ሊሞሉ የተነሡት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1995 የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ወይዘሮ መዓዛ ከመሥራቾቹ አንዷ ሲሆኑ ለዓመታት ዋና ዳይሬክተሩ ነበሩ። የማኅበሩ ሥራ ሁለት እጅ ነበረው። በአንዱ እጅ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች ያለ ክፍያ አቤቱታ መጻፍ፣ ምክር መስጠት፣ ችሎት መቆም፤ በሌላው እጅ ሕጉ ራሱ እንዲለወጥ መሟገት። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይመግበው ነበር። በየቀኑ ከደጃፉ የሚሰለፉት ሴቶች ጉዳይ ተጠራቅሞ የትኛው አንቀጽ ማንን እንደሚጎዳ የሚያሳይ መዝገብ ሆነ። ሕግ አውጪው ፊት ሲቀርቡ «ይህ አንቀጽ ከመርሕ ጋር ይጋጫል» ብቻ አላሉም፤ «ይህ አንቀጽ እነዚህን ሴቶች ከቤታቸው አስወጥቷል» አሉ።

ከእነዚያ ጉዳዮች አንዱ ከሁሉም ይልቅ ተነግሯል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሮጥ በእጇ የገባውን የጠላፊዋን ጠመንጃ ተኮሰች፤ ጠላፊዋ ሞተ። የአካባቢው ልማድ የፈረደው በእርሷ ላይ ነበር። የማኅበሩ ጠበቆች ቆሙላት፤ ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። በተገለጸው ፍርድ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር አለ። ጠለፋ የሁለት ቤተሰቦች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ራስን መከላከል የሚፈቅድ ጥቃት ተብሎ በችሎት ተነገረ።

ይኸው ታሪክ በ2006 ዓ.ም. በዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ አዘጋጅነት «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆነ፤ በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ርእሱ በአማርኛ ጀግንነትንም መደፈርንም ስለሚያመለክት በሌላ ቋንቋ ሊተካ የማይችል ነው። ከዚያ የሆነው ግን ለኪነ ጥበብ ሰው ትምህርት ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር መጨረሻ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካች ተቀምጦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተሠርቷል ብላ የከሰሰችው ባለታሪኳ ራሷ ነበረች። ብዙዎች በዚያች ምሽት አዘኑ፤ አንዳንዶችም ተቆጡ። ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ ፊልሙም ታየ። ቢሆንም ያች እግድ ከፊልሙ ትዕይንቶች ሁሉ የማታንስ ትዕይንት ናት። በ14 ዓመቷ ሌሎች ስለ እርሷ ሲሟገቱ የነበረች ልጅ አድጋ፣ በራሷ ስም ከስሳ፣ «በሕግ አምላክ» ብላ አንድ ሙሉ አዳራሽ አቆመች። ጠበቆቹ የታገሉለት ነገር ይህ ካልሆነ ምን ነበር?

የሕጉ ለውጥ እነሆ መጣ። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ የባል አለቅነት ተሻረ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ የጋራ ንብረት የጋራ አስተዳደር አገኘ፤ ፍቺ ከቤተ ዘመድ ጉባኤ ወጥቶ በፍርድ ቤት እጅ ገባ። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ አደረገ፤ ጠላፊው ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም አለ። ያለ ዕድሜ ጋብቻን የፈጸመ በአንቀጽ 648 የሚቀጣ ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል የተለወጠበት ዘመን በሀገሪቱ የሕግ ታሪክ ብዙ አይገኝም።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ማኅበሩ በአንዲት በተደጋጋሚ የተጠቃች ሴት ጉዳይ የፍትሕ አካላትን በይፋ ስለ ነቀፈ፣ ከተፈቀደለት ዓላማ ወጥቷል ተብሎ ታገደ፤ የባንክ ሒሳቡም ተዘጋ። እግዱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተነሣ። ሁለተኛው ምት ጸጥ ያለና የከፋ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብትና በጾታ እኩልነት ሥራ እንዳይሰማሩ ተከለከለ። ነፃ የሕግ ድጋፍ በገንዘብ የሚቆም ነገር ነው፤ የጠበቃ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ ወደ ወረዳ የሚያደርስ መኪና ይፈልጋል። ባሕር ዳርን ጨምሮ በየክልሉ የተከፈቱት ቅርንጫፎች አቅማቸው ተመናመነ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሮ በሩ ዳግመኛ ቢከፈትም፣ አሥር ዓመት ለአንዲት የአምደወርቅ ልጅ ከስምንት ዓመቷ እስከ ልጅ እናትነቷ ያለ ጊዜ ነው።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት 22 ቀን ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ ከእርሳቸው በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠች ሴት አልነበረችም። እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ሠርተው በፈቃዳቸው ለቀቁ። ሹመቱ በወቅቱ ታላቅ ደስታ ፈጠረ፤ ደስታውም ትክክል ነበር። ነገር ግን የላይኛው ወንበር ዜና ይሆናል እንጂ ወደ ታች የሚወርደው በሌላ መንገድ ነው። አምደወርቅ ለምትኖር ሴት ከሹመቱ ይልቅ የሚቀርባት ምናልባት ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ሥርዓት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የሰበር ሰሚ ችሎት አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። አዲስ አበባ አንዲት ሴት ተከራክራ ያስገኘችው ትርጉም፣ ከሰቆጣ ርቃ የማታውቅ ሌላዋን ሴት ይጠቅማል። ይህም የሚሆነው የወረዳው ዳኛ ትርጉሙን ካነበበው፣ ባያነብበውም አስታዋሽ ጠበቃ ካለ ነው።

በአምደወርቅ አካባቢ የሴትን መብት ከሁሉ ይልቅ የሚዳሰስ ያደረገው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጆች፣ በተለይም አዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ባልና ሚስት መሬቱን በጋራ እንዲይዙ፣ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ በደብተሩ እንዲሰፍር አደረጉ። ለአንዳንዷ ሴት ያ ፎቶግራፍ በሕይወቷ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ባሏ ቢሞት የባሏ ወንድሞች «ይህ የእኛ የአባት መሬት ነው» ሲሉ የምታወጣው ነገር አገኘች። ከሣጥን ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ መሬት ለሴትም ለወንድም ያለ ልዩነት እንዲሰጥ ተደንግጎ እንደ ነበር ይታወሳል፤ ነገር ግን በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የሚጻፈው አባወራው ነበርና ሚስቲቱ በስሙ ሥር ጠፍታ ቀረች። አሁን ስሟ ከነመልኳ አለ።

ስሟ አለ፤ ሞፈሩ ግን የለም። ሴት አትርስም፣ እርፍ አትጨብጥም የሚለው ልማድ ዛሬም አልተሻረም። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በሬ ቢኖራት እንኳ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። በዘመዶቿ ፊት በቃል ይዋዋላሉ። አራሹ ብዙ ጊዜ የቅርብ ሰው ነው፤ የአጎት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ ጎረቤት። ሰብሉ ሲደርስ እኩል የተባለው ሲሶ ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመት አራሹ «ለሦስት ዓመት ነው የተዋዋልነው» ይላል፤ በሦስተኛው ዓመት «መሬቱን ያለማሁት እኔ ነኝ» ይላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ ጠብ፣ በፈገግታ፣ «እትዬ፣ እኔ ልጅሽ አይደለሁ?» እየተባለ ነው። ልጄ ነህ ብላ ዝም ያለች እንደሆነ ማሳዋ ይሄዳል። ወደ ፍርድ ቤት የሄደች እንደሆነ ደግሞ በአገር ፊት ልጇን የከሰሰች ትባላለች።

ሄደች እንበል። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ አቤቱታ ጻፊው ጠረጴዛውን ዘርግቶ ተቀምጧል። «ምን ልጻፍልዎ፣ እማማ?» ይላታል። እርሷ ከአባቷ ሞት ትጀምራለች፤ ከጋብቻዋ፣ ከድርቁ፣ ከሞተው በሬዋ። እርሱ የሚፈልገው የውሉን ቀን፣ የማሳውን አዋሳኝ፣ የምስክር ስም ነው። ከአንድ ሰዓት ወሬ አራት መስመር ይወጣል። አራቱ መስመሮች ስሕተት የለባቸው ይሆናል፤ ግን ዋናው ነገር፣ አራሹ ከሌሊቱ መጥቶ በሯን እንደ ደበደበና ዝም እንድትል እንዳስፈራራት፣ አልተጻፈም። ለምን? አልነገረችውማ። ለወንድ፣ በአደባባይ፣ ሌሎች ባለጉዳዮች እየሰሙ እንዴት ትንገረው! የሴት የሕግ ባለሙያዎች ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚህች ጠረጴዛ ላይ ነው። በዋግ ደግሞ ቋንቋው ይጨመርበታል። የልቧን የምትናገረው በኽምጣና የሆነች እናት አቤቱታዋ በአማርኛ ሲጻፍ፣ ከአንደበቷ እስከ ወረቀቱ ድረስ ሁለት ጊዜ ይተረጎማል፤ አንዴ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ፣ አንዴ ከሴት ወደ ወንድ።

የጋብቻ ዕድሜም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑት የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 14.7 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። አሃዙ ከሕጉ መውጣት በፊት የተዳሩትን ስለሚያካትት የሕጉ መለኪያ አድርጎ መውሰድ አይገባም። የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፦ ዛሬ ከፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቆሙት መበለቶችና ፈቶች ከአምስተኛ ክፍል ሳይደርሱ የተዳሩ ልጆች ነበሩ። ደብተሩ ላይ ያለውን ስማቸውን ማንበብ የማይችሉ ብዙ ናቸው። መምህራን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ በጥር ወር፣ የሠርግ ወቅት ሲገባ፣ በክፍል ውስጥ ባዶ የሚሆነውን ወንበር የሚቆጥሩት እነርሱ ናቸውና። ከዚያ ወንበር ላይ የጠፋችው ልጅ ነገ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሆና ወደ ወረዳዋ ልትመለስ ትችል የነበረች ናት።

አቤቱታዋ በሰኔ ገባ እንበል፤ ማሳው ሳይዘራ እንዲታገድላት ነው የጠየቀችው። መጥሪያው ለአራሹ እስኪደርስ ሐምሌ ይጋመሳል። አራሹ መልሱን ለመጻፍ ቀን ይጠይቃል፤ ይሰጠዋል፤ ሕጋዊ መብቱ ነው። በዚህ መካከል ጤፉ ተዘርቷል። በክረምቱ መውጫ ፍርድ ቤቱ ለእረፍት ይዘጋል፤ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር አያስችልም። የእርሷን ጉዳይ አስቸኳይ ነው ብሎ የሚከራከርላት የለም። ቀጠሮው ወደ ጥቅምት ይዛወራል። በጥቅምት አንዱ ምስክሯ አልመጣም፤ ጤፍ ሊያጭድ ተቀጥሮ ሄዷል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ኅዳር ማለቂያ ነው። አንዲት ጠበቃ ከጎኗ ብትኖር ኖሮ፣ በሐምሌው ቀጠሮ ብድግ ብላ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ምርቱ በገለልተኛ ሰው እጅ ይቀመጥ። ጥያቄው ሁለት መስመር ነው፤ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በኅዳር ማለቂያ ዳኛው ችሎት ሲሰየሙ ማሳው ገለባ ብቻ ሆኗል፤ ጤፉ ሰቆጣ ገበያ ወጥቶ ተሸጧል፤ እርሷም ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ስሟ እስኪጠራ ከበሩ አጠገብ ቆማለች።